የእንቁጣጣሽ ሥዕል

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ክረምቱ ሲያበቃ፣ በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት ውስጥ ልጆች አዘጋጅተው መስከረም 1 ጠዋት ለዘመድና ለጎረቤት የሚሰጡት የወረቀት ሥራ ነው። በተለይ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ይታወቃል። ልጃገረዶች ቄጤማና አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ሥዕላቸውን እየሰጡ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ፤ ተቀባዩም ሳንቲም ወይም ዳቦ ያበረክትላቸዋል።

ከሚሣሉት ውስጥ አበባ ቀዳሚ ነው፤ መላእክትና ፀሐይም ይሣላሉ። ትምህርት ያልጀመረ ሕፃን ብቻውን መንደፍ ስለሚከብደው ታላቁ በእርሳስ መስመሩን ያወጣለታል፣ እሱ በከለር ይሞላል። ብሩሽ መያዝ ላልቻለ ደግሞ ጣቱ ይበቃዋል፤ በውኃ በተበጠበጠ ቢጫ ቀለም ነክሮ መሃል ላይ ባለች ነጥብ ዙሪያ ሲያትም አደይ አበባ ይወጣል። ግንዱ አንድ አረንጓዴ መስመር ነው። ከመስመር የወጣ ቀለም መታረም የለበትም፤ ሥዕሉን የዚያ ልጅ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ዛሬ በማተሚያ ቤት የተባዙ ሥዕሎች በየመንገዱ ይሸጣሉ። ልጁ ገዝቶ ሲያድል የመልካም ምኞቱ ልማድ ይቀጥላል፤ የጳጉሜን ቀናት የቀለም ሥራ ግን ይቀርበታል፣ ይህም ያሳዝናል።