ከቤፋና ማግስት የሚመጣ ገና

እዚህ ፒኜቶ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ «የእኛ ገና ለምንድነው የሚዘገየው?» ልጁ እውነት አለው። ጃንዋሪ 6 ቤፋና መጥታ ትሄዳለች፤ ከየቤቱ ዛፉ ይፈርሳል፤ መብራቱ ይጠቀለላል። በማግስቱ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የእኛ በዓል ደግሞ ያን ዕለት ነው። ነጭ ለብሶ ከደጅ ሲወጣ የሚያየው የተጣለ ዛፍ ከሆነ፣ ገናችን የሌላ ሰው በዓል ትርፍራፊ ቢመስለው አይፈረድበትም።

መልሱ ግን ከዚሁ ከሮም ነው የሚገኘው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተጓዦች ተሰጠ። ዛሬም ጣሊያኖቹ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሉታል። አባ ተስፋ ጽዮን በግዕዝ ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳንም እ.ኤ.አ. በ1548–49 እዚሁ ሮም ነው የወጣው። በእነዚያ መነኮሳት ዘመን የእኛ ታኅሣሥ 29 እና የሮማውያኑ ዲሴምበር 25 አንድ ቀን ነበሩ! ደወሉ ሲደወል ሁለቱም ገና ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1582 ግን ጳጳስ ግሪጎሪዮስ 13ኛ የቀን መቁጠሪያውን አስተካከሉና ኦክቶበር 4 ባለቀ ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። አሥር ቀን ተዘለለ። ልዩነቱ እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል፤ ከ2100 በኋላ 14 ስለሚሆን የልጅ ልጆቻችን ገናን ጃንዋሪ 8 ነው የሚያከብሩት። እንግዲህ ለልጁ እንዲህ በሉት፦ እኛ አልዘገየንም፤ ሮም ናት የቀደመችው።

ደግሞ ይኼ የ13 ቀን ልዩነት ለኪስም ይመቻል። ጣሊያኑ በዓሉን ሲጨርስ የዛፉ ጌጥ ዋጋው ይወድቃል። እሁድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ብትወርዱ፣ እዚሁ ሰፈራችን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድም ጎራ ብትሉ፣ ከአያት ቤት የወጣ ካርቶን አይጠፋም። ስስ የመስተዋት ኳሶች፣ ውስጣቸው ብር የተቀባ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ቆርቆሮ ዝገት የያዘው፣ እነሱ ናቸው አሮጌዎቹ። አዲሱ ፕላስቲክ እንደዚያ አያበራም (እኔ እንኳ ዝገቱን ነው የምወደው)።

ከሁሉ ግን ፕሬዜፔውን ፈልጉ። ቅዱስ ፍራንቼስኮ እ.ኤ.አ. በ1223 ከሮም ብዙም በማይርቀው በግሬቾ በረቱን፣ በሬውንና አህያውን አሳይቶ ልደትን ካከበረ ወዲህ ጣሊያኖች ይህን ነገር አልተዉትም። በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቀሩት የአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ የድንጋይ ምስሎች አሉ፤ ልጆቹን ወስዳችሁ አሳዩ። ገበያ ላይ የሚገኙት ትንንሾቹ ከሸክላ ወይም ከጄሶ የተሠሩ ናቸው። «ጄሶ» ስትሉ ልጁ «ይኼማ ጣሊያንኛ ነው!» ይላችኋል፤ ያን ጊዜ መርካቶንም ጨምሩለት። የቤተሰብ ስብስብ ሲበተን እረኛው ለብቻው፣ በጉ ለብቻው ይሸጣል። እጁ የተሰበረ እረኛ ርካሽ ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ማን እንደሱ! እረኞቹ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በበትራቸው በደስታ ተጫወቱ፣ የገና ጨዋታም ከዚያ መጣ ይባል የለ? ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ጥቁር ሆኖ ስለሚሠራ እሱንም አትለፉት።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላም ነገር ታያላችሁ። ፋሺስቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ቤፋናን የራሳቸው አድርገው በፓርቲያቸው ስም ለድሃ ልጆች ስጦታ ያድሉ ነበር። ከወረራው ዘመን የቀሩ ሜዳሊያዎችና የእኛን ሰዎች መቀለጃ ያደረጉ ፖስታ ካርዶችም ከገና ጌጡ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ። አሮጌ ነገር ሁሉ ቤት አይገባም። ልጁ ካየው ግን እጁን ጎትታችሁ አትለፉ፤ ምን እንደሆነ ቆማችሁ ንገሩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል፤ አድዋንም ሆነ አርበኞቹን በዚያው አንሱለት።

አንድ ሁለት ማስጠንቀቂያ። የ1960ዎቹን መብራት ለመልኩ ግዙት እንጂ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ሽቦው ያረጀ ነው። ከበድ ያለው የድሮ የሚያብረቀርቅ ክርም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃን ያለበት ቤት አይግባ።

የእኛስ የድሮ ጌጥ? ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ የሚጨስ ዕጣን፣ ኋላም በከተማ ጥድ ተቆርጦ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ጣል ጣል ይደረግበት ነበር። ማንም ሱቅ ሄዶ አይገዛም። ያረጀውን ዕቃማ ቆራሌው፣ «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው፣ ይወስደው ነበር። ለሮም ልጆች ቆራሌውን መተረክ ደስ ይላል፤ ጥሪውን እየጮኻችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከቤት አንድ አሮጌ ጌጥ ይዞ ይምጣ። ከየት እንደመጣ፣ ማን ቤት እንደነበረ፣ ከምን እንደተሠራ በአማርኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። የሚሰበር ከሆነ እባካችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ላኩት።