ኮሶ፦ ከአባቶቻችን ጓዳ እስከ ፎርት ዎርዝ ገበታ

አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ለምን ነበር? ሚጥሚጣውና አረቄው ትሉን አይገድለውም? እዚህ አሜሪካ ጥሬ ሥጋ መብላትስ ያሰጋል? ክትፎ በቀረበበት ገበታ ዙሪያ እነዚህ ጥያቄዎች ይነሱና ብዙውን ጊዜ በሳቅ ይታለፋሉ። ነገሩ ግን ታሪክም ጤናም ስለሆነ በዚህ እትም በየተራ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ኮሶ የዛፍ ስም ነው። በደጋ ይበቅላል፤ መድኃኒት የሚሆነው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉም ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጌታም ሆነ አሽከር ከሥራ ቀረ ተብሎ አይወቀስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ልማድ በመጽሐፉ ገልጾ ዛፉን ለአውሮፓውያን አስተዋወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመት የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ይሁን እንጂ መኳንንቱም ድሃውም የሚጠጣውን መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ይናቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው በወይዘሮ አትጠገብ ይሰድቧቸው ነበር። የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድም የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። ድል ሆኖ በተያዘ ጊዜ ካሣ ያንኑ ኮሶ እንዳጠጡት ይተረካል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ እጩም በከብቱ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋውን በጥሬው የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ትሉ ራሱን አጣብቆ ያድጋል፤ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከጭራው በኩል እየተቆረጠ ሲወጣ ነው «ኮሶ ታየኝ» የሚባለው። የአበባው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ረጅሙን አካል ያስወጣና ራሱን አንጀት ላይ ይተወዋል። የቀረው ራስ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ይታያል። እንግዲህ የአባቶቻችን የሁለት ወር ቀጠሮ ከትሉ ዕድገት ጋር የገጠመ ነበር ማለት ነው። መጠኑ የበዛ ኮሶ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መጠን ይጨርሰዋል።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜና አረቄ ትሉን አይገድሉትም። የሚገድለው ወይ እሳት ነው ወይ ብርቱ ቅዝቃዜ። የአሜሪካ የሥጋ ምርመራ ደንብ እጩ ጥቂት የተገኘበትን ሥጋ ወይ እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት ማሞቅ፣ ወይ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት ባልበለጠ ቅዝቃዜ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየትን ያዛል።

የምንኖርባት ፎርት ዎርዝ ራሷ የከብት ከተማ ናት። ስዊፍትና አርመር የተባሉት ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰሜን ፎርት ዎርዝ ላይ ቄራ ከፍተው ነበር፤ አርመር በ1962፣ ስዊፍት በ1971 ተዘጉ። የፌዴራል የሥጋ ምርመራ ሕግ የወጣው በ1906 ነው። ምርመራውና መጸዳጃ ቤቱ ተደምረው የኮሶ ትልን በዚህ አገር ከብት ላይ ብርቅ አድርገውታል።

ታዲያ «እዚህ ኮሶ የለምና እንደ ልብ እንብላ» እንበል? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 4 ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አደገኛ ዝርያ ነበር። ይህ ባክቴሪያ በከብት አንጀት ይኖርና በእርድ ጊዜ የሥጋውን ላይ ይነካል። ሥጋው ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ማቀዝቀዣ አይገድለውም፤ ኮሶም አያሽረውም። ለብ ለብ ማድረግም አይበቃም፤ የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 160 ዲግሪ ፋራናይት መድረስ አለበት። በሽታው የሕፃናትን ኩላሊት እስከ ማቆም ይደርሳል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ለራሱ የፈለገውን ይምረጥ፤ ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ ግን ጥሬ ማጉረስ አይገባም። ክትፎው በደንብ ይብሰልላቸው። ሥጋ የበላ ልጅ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዘው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

በመጨረሻ፣ ከአገር ቤት በቅርቡ መጥቶ ኮሶ የታየው ወገናችን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። እዚህ ያሉ ብዙ ሐኪሞች ይህን ትል አይተውት ስለማያውቁ፣ ካልተነገራቸው ላይጠረጥሩት ይችላሉ። «ጥሬ ሥጋ እበላ ነበር» ብሎ መናገር ነውር አይደለም። ነገሥታቱም መኳንንቱም የጠጡት መድኃኒት ነው።