«የተበላሸ ደም»

በላቦራቶሪ መስኮት በኩል «ደምዎ ተበላሽቷል፣ ድጋሚ ይስጡ» የሚባለው ታካሚ በሽታ የተገኘበት ቢመስለው አይፈረድበትም፤ በአማርኛ ደም ተበላሸ ማለት ሌላ ነገር ነውና። ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው «ሄሞላይዝ አድርጓል» የሚሉት ይህንኑ ሲሆን፣ «ደም» እና «መፍታት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘው ሄሞላይሲስ የቀይ የደም ሴሎችን መፈረካከስ ያመለክታል። ደሙ ከሲሪንጅ ወደ ቱቦው በኃይል ሲገፋ፣ ወይም ቱቦው በዝግታ በመገለባበጥ ፈንታ ሲናጥ፣ ሴሎቹ ይፈርሱና በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል፤ ደሙ ከረጋ በኋላ የሚጠልለው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ ቢጫነቱን ትቶ ይቀላል፣ የፖታሲየም ልኬቱም በሐሰት ከፍ ይላል። እንደ ወባ ያለ በሽታም ሴሎችን በሰውነት ውስጥ ሊያፈርስ ስለሚችል፣ ለሁለቱም «የቀይ ሴል ፍርሰት» የሚለው ስያሜ ይስማማል። ጥፋቱ ከአቀዳዱ ከሆነ ግን ለታካሚው «ናሙናው ለምርመራ አልሆነም» ማለት ተገቢ ነው።