ቆራሌው እና ኤልያስ ስሜ

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ገበያ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ቀሰቀሰኝና አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ሌላውን «የቆራሌ ልጅ» ብሎ ሰደበው፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልጻፈው።

ቆራሌ ማለት እኮ «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ ነው፣ በአፍ ብዛት አጥሮ። የሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። መርካቶ ራሱ የዛሬ ቦታውን የያዘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ እንዲነሳ ሲደረግ ነው። ምናለሽ ተራ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ። ኩራዝ ስል የምትስቁ አላችሁ፤ በእሷ ጭላንጭል አጥንቶ ማትሪክ ያለፈው ግን ስንቱ ነው!

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም የሚፈልገውን የሚሸምተው ከዚሁ ተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ልጅ ሆኖ ልብስ ይሰፋ፣ የቤት ዕቃ ይጠግን ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ተመረቀ። መጀመሪያ ላይ ቁልፍና ክር ነበር የሚጠቀመው፣ ሸራ ላይ በእጁ እየሰፋ። በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ገባ፦ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ጠጋ ስትሉ ግን አንድ የማናውቀው ሰው ሲጫነው የኖረ «ኢንተር» ቁልፍ ነው። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። የስንቱ ጣት አርፎበታል!

«ታይትሮፕ» ይለዋል ይህን ተከታታይ ሥራውን፣ በተወጠረ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሸለመው። በዚያው ዓመት ከመስከረም አሰግድ ጋር በጭቃና በጭድ ያሠሩት ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ተከፈተ። ያልሄዳችሁ ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ።

ያ ተማሪዬ፣ ስምህን አልጽፍም፣ ምናልባት ይህን ታነበው ይሆናል። ያን ቀን ፈገግ ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ። ለአባትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።