በስህተት የተሰረዘ ፎቶ እንዴት ይመለሳል? ቅጂውስ የት ይቀመጥ?

በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ከተማ በሆነችው መካነ ኢየሱስ የጥር ሰርግ ሲደራረብ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በሁለት ቀን ሁለት ሙሽሮች ሊያነሳ ይችላል። የቅዳሜው ሰርግ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጡን ሳያረጋግጥ ለእሁዱ ቦታ ለማግኘት ሜሞሪ ካርዱን ካጸዳ፣ የማይደገም ቀን ጠፋ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ፎቶው ገና አልጠፋም።

ካርድ እንደ መጽሐፍ ማውጫ አለው። «ሰርዝ» ሲባል የሚነካው ማውጫው ነው፤ ምስሉ የያዘው ቦታ «ክፍት ነው» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ ወዲያው አይፋቅም። ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ድረስም እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ አንድም ፎቶ ሳይጨምሩ ካሜራውን አጥፍቶ ካርዱን ማውጣት ነው። ፎቶውን ለዘለቄታው የሚያጠፋው በአብዛኛው ስረዛው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የሚደረገው መነካካት ነው።

ካርዱ በካርድ ሪደር ከኮምፒዩተር ጋር ከተገናኘ በኋላ ማግኛ ሶፍትዌር ይሠራበታል። ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ማውጫውን ትቶ የምስል ፋይል የሚጀምርበትን ምልክት እየፈለገ ያወጣል። ጉድለቱ የፋይሎቹን የቀድሞ ስም አለመመለሱ ነው፤ አንድ ሺህ ፎቶ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ይመጣልና መለየቱ ጊዜ ይወስዳል። ሬኩቫ ለጀማሪ ይቀላል፤ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። በሁለቱም ቢሆን የተገኘው ፎቶ የሚቀመጠው በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ በዚያው ካርድ ላይ አይደለም። ካርዱ በ«ኩዊክ ፎርማት» የጸዳ ከሆነም ተስፋ አለ። በዊንዶውስ የሚደረገው ሙሉ ፎርማት ግን ከቪስታ ጀምሮ በሁሉም ቦታ ላይ ዜሮ ስለሚጽፍ የሚመለስ ነገር አይተርፍም።

ፍላሽ ላይ የነበሩ ፎልደሮች ድንገት ወደ «ሾርትከት» ሲቀየሩ ደግሞ ጉዳዩ ስረዛ ሳይሆን ቫይረስ ነው። ፎቶዎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ስላልሆነ ፍላሹን ፎርማት ከማድረግ በፊት በአንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያም በፎልደር ኦፕሽን የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ይበጃል።

የስልክ ነገር ይለያል። በአዳዲስ ስልኮች የውስጥ ማከማቻ ያለው መረጃ ስለሚመሰጠር ሶፍትዌር እምብዛም አይረዳም፤ መፍትሔው የስልኩ ቅርጫት ነው። አይፎን የተሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል። ጉግል ፎቶስ ወደ ኢንተርኔት የተጫነውን 60 ቀን፣ ያልተጫነውን 30 ቀን ይይዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ስልኩን ለማቅለል ከጉግል ፎቶስ የተሰረዘ ፎቶ ከኢንተርኔቱም ጭምር ይሰረዛል።

ቅጂን በኢንተርኔት ማስቀመጥ መልካም ቢሆንም ለሁሉም አይመችም። 2 ሺህ ፎቶ እያንዳንዱ 8 ሜጋባይት ቢሆን 16 ጊጋባይት ነው፤ ጉግል በነፃ ከሚሰጠው 15 ጊጋባይት ይበልጣል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ 18 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መስመሩ ሳይኖርስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቆየቱ ይታወሳል። ለመካነ ኢየሱስ ስቱዲዮ ከኢንተርኔት ይልቅ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ አንዱ በሥራ ቦታ፣ ሌላው በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር ባለ ዘመድ ቤት።

ቅጂን አርቆ ማስቀመጥ ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን አንስቶ ፊልሙን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። በፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ የታወቀው ደንብም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል።

ወላጆቻቸው እስቴ የሚኖሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ለዓመት በዓል ሲሄዱ ዲስክ ይዘው የእናትና የአባታቸውን ስልክ ቢገለብጡ፣ የግድግዳውን ፎቶም በቀን ብርሃን ቢያነሱ ብዙ ያተርፋሉ። በብዙ ቤት የሟች ፎቶ የሚፈለገው ለቅሶ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ያለው ቅጂ አንድ የተሰበረ ስልክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፎቶ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። በርካሽ የሚሸጥ «1 ቴራባይት» ፍላሽም ይጠርጠር፤ ትክክለኛ መጠኑ ትንሽ የሆነ ፍላሽ ተገልብጧል ብሎ ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። ከዋናው ላይ ከመሰረዝ በፊት ከቅጂው የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ፎቶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።