የእስያ ነብሮች፣ የትኞቹ ነብሮች?

የኢኮኖሚ ዜና የሚከታተል ሰው «የእስያ ነብሮች» የሚለውን ስያሜ ሳይሰማ አይቀርም። ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ኮሪያና ታይዋን በፈጣን ዕድገታቸው ያገኙት ስም ነው። እንግሊዝኛው ግን የሚያወራው ስለ ታይገር ነው። ታይገር ገላው ባለ መስመር ሲሆን በዱር የሚኖረው እስያ ውስጥ ብቻ ነው። የአማርኛው ነብር ደግሞ ነጠብጣብ ያለበት፣ በአፍሪካም በእስያም የሚገኝ ሌላ አውሬ ነው።

ነብር የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው። በግዕዝ ነምር፣ በትግርኛ ነብሪ፣ በዕብራይስጥ ናሜር፣ በአካድኛ ኒምሩ ይባላል። በትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 ከኢትዮጵያዊው ጋር የተነሣው አውሬ ይኸው ዝንጉርጉሩ ነው። «የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የሚለው ተረትም የተወለደው እሱን ከሚያውቅ ሰው አፍ ነው። ታይገር በዚህ አገር ኖሮ ስለማያውቅ ስም አልወጣለትም፤ ተርጓሚው የዘመዱን ስም አዋሰው።

እንዲህ ያደረገው አማርኛ ብቻ አይደለም። የዐረብኛው ኒምርም ከዚያው ሥር የወጣ ሲሆን ዛሬ ብዙ ጊዜ ለታይገር ይውላል። ስፔናውያን ደቡብ አሜሪካ ሲገቡ ጃጓርን «ታይገር»፣ ፑማን «አንበሳ» ብለው ጠሩ። ጃጓር የሚለው ስም ራሱ ከቱፒ-ጓራኒ ቋንቋዎች፣ ፑማ ደግሞ ከኬችዋ የመጣ ነው። እንግሊዞች ነብርን «ሌፐርድ» የሚሉትም ጥንት የአንበሳና የሌላ አውሬ ዲቃላ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እምነቱ ቀረ፤ ስሙ ግን ጸና።

ሲንጋፖር ደግሞ የዚህ ሁሉ ማሳያ ናት። ስሟ በሳንስክሪት «የአንበሳ ከተማ» ማለት ነው፤ በደሴቲቱ ግን የነበረው አንበሳ ሳይሆን ታይገር ነበር። እንግሊዝኛ ታይገር፣ አማርኛ ነብር ይላታል። ቻይናውያን ደግሞ አራቱን አገሮች «አራቱ ትናንሽ ድራጎኖች» ይሏቸዋል። ድራጎን ለእነሱ የኃይልና የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ «ዘንዶ» ተብሎ ቢተረጎም ግን የአማርኛ አንባቢ የሚያስበው የራእይ ዮሐንስን ክፉ አውሬ ነው።

በኢኮኖሚ ዜና ላይ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ስለ አውሬው ራሱ ሲጻፍ ነው። «ነብር በዱር የሚኖረው እስያ ውስጥ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስለ ታይገር እውነት ነበር፤ በአማርኛ ግን ሐሰት ሆኗል። ይህን ያነበበ ተማሪ በገዛ አገሩ ጫካ ያለውን ነብር እንደሌለ ይቆጥረዋል። የሌለ ነገር ደግሞ ጠባቂ አያገኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ታይገር በስሙ ታይገር ይባል፤ አማርኛ ብዙ የውጭ ቃል ተቀብሎ አልተጎዳም። ነብርም ለነብር ይመለስ።