በካርቦን ወረቀት የተጻፈ ዜና መዋዕል

የሃይማኖት ስደት ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚደቀነው ሰይፍ፣ እሳትና የሰማዕታት ደም ነው። ደም ግን ምልክት ይተዋል፤ የሟቹንም ስም የሚያነሣ ወገን አይጠፋም። ለታሪክ ጸሐፊ እጅግ የሚያስቸግረው ደም ያልፈሰሰበት ስደት ነው። በእምነቱ ምክንያት ከሥራው ለተባረረ መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን ስማለች ተብላ በክፍል ጓደኞቿ ፊት መሳለቂያ ለሆነች ተማሪ የትኛው መዝገብ ይመሰክርላቸዋል? ያውም አሳዳጁ መንግሥት የሕሊና ነጻነትን በሕገ መንግሥቱ ላይ ጽፎ ሳለ!

ይህን ጥያቄ በተግባር ከመለሱት መካከል በሶቪየት ኅብረት ሥር የነበሩት የሊቱዌኒያ ካቶሊኮች ይገኙበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያች ትንሽ የባልቲክ አገር ሕፃናትን ሰብስቦ ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ወንጀል ነበር። አባ ዩኦዛስ ዝዴብስኪስ በዚሁ ጉዳይ በ1971 የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። በ1972 መጀመሪያ ላይ ከ17,000 በላይ ምዕመናን የፈረሙበት አቤቱታ ለብሬዥኔቭ እንዲደርስ በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በኩል ተላከ።

በዚያው ዓመት፣ ማርች 19 ቀን፣ «የሊቱዌኒያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዜና መዋዕል» የተባለው የኅቡዕ መጽሔት ተጀመረ። አዘጋጁ በሲምናስ ከተማ ያገለግሉ የነበሩት አባ ሲጊታስ ታምኬቪቹስ ነበሩ። ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። መነኮሳይያትና ምዕመናን ተደብቀው፣ በወረቀቶች መካከል ካርቦን እየደረቡ በጽሕፈት መኪና ይመቱታል፤ ቅጂ የደረሰውም በተራው ያባዛዋል። ጥቂቱ ቅጂ በሞስኮ ባሉ ወዳጆች በኩል ወደ ምዕራብ ይሻገርና በቫቲካን ሬዲዮ ተነብቦ ተመልሶ የሊቱዌኒያን ሕዝብ ጆሮ ያገኛል።

በገጾቹ ላይ የሰፈረው በአመዛኙ ዝርዝር ነው፦ የተፈተሸ ቤት፣ የተነቀለ መስቀል፣ ስለ እምነቱ የተመረመረ ልጅ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ስሙ። ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስም ካልተጻፈ መንግሥት «ፈጠራ ነው» ይላል። ስም ከተጻፈ ደግሞ ባለ ስሙ ዳግመኛ ለምርመራ ይጠራል። አንዲት ስሕተት ብትገኝ መዝገቡ በሙሉ ስም ማጥፋት ተብሎ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ዜና መዋዕሉ ስም መጥራትን መረጠ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሲስተር ኒዮሌ ሳዱናይቴ በ1974 የዜና መዋዕሉን 11ኛ ቁጥር በመምታት ላይ ሳሉ ተያዙ፤ ሦስት ዓመት በጉልበት ሥራ ካምፕ፣ ሦስት ዓመት በግዞት ተፈረደባቸው። ሩሲያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰርጌይ ኮቫልዮቭ ካቶሊክ ባይሆኑም ከተከሰሱባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ዜና መዋዕል ነበር። በዲሴምበር 1975 ቪልኒየስ ላይ ሲዳኙ አንድሬይ ሳካሮቭ ችሎት እንዳይገቡ ተከልክለው ከደጅ ቆመው ነበር፤ በእነዚያው ቀናት ባለቤታቸው ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማታቸውን ተቀበሉላቸው። ኮቫልዮቭ ሰባት ዓመት ካምፕና ሦስት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። አባ ታምኬቪቹስም በ1983 ታሰሩ። ሥራውን ግን ሌሎች ተረከቡት፤ እስከ 1989 ድረስ 81 ቁጥሮች ወጡ። አባ ታምኬቪቹስ በ1988 ተፈትተው ኋላ ሊቀ ጳጳስ፣ በ2019 ደግሞ ካርዲናል ሆኑ።

ይሁንና 81ዱ ቁጥሮች የስደቱ ሙሉ ታሪክ አይደሉም። የተጻፈው ደፍሮ የተናገረና ቃሉን የሚያደርስለት ያገኘ ሰው ታሪክ ብቻ ነው። ስሙ ያልተነሣ መንደር ምንም ያልደረሰበት ሳይሆን ፍርሃት አፉን የዘጋው ሊሆን ይችላል።

ዛሬም በዓለም ላይ ስለሚሰደዱ ክርስቲያኖች ብዛት ሲነገረን ይህን ማስታወስ ይገባል። ገለልተኛ ታዛቢ በነጻነት በማይዘዋወርበት እንደ ሰሜን ኮሪያ ባለ አገር ቁጥሩ ከግምት አያልፍም። ግምቱን ማጋነን አሳዳጁ «ሁሉም ውሸት ነው» እንዲል በር ይከፍትለታል፤ ማስረጃ የለም ብሎ ዝም ማለትም ያሰበውን ይፈጽምለታል። የሊቱዌኒያ መነኮሳይያት ከሁለቱም ርቀው የሚያውቁትን ብቻ፣ ግን የሚያውቁትን በሙሉ፣ ሌሊት ተቀምጠው መቱት። ያን ባያደርጉ ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚቀረው የሕሊና ነጻነት ተከብሯል የሚለው ሕገ መንግሥት ብቻ በሆነ ነበር።